የማዳም ተራራ

ማዳም ተራራ መውጣት አማራት። ኩዌት ውስጥ ይህ ነው የሚባል ተራራ የለም፤ ገንዘብም ጊዜም የተረፈውን ሰው ግን ይህ አያቆመውም። ሚሽሪፍ ሰፈር ከሚኖሩ ጓደኞቿ ጋር የተራራ መውጣት ቡድን አቋቋመች፤ ጫማውንም ምርኩዙንም አስመጣች። ከዚያ ወጥ ቤት ድረስ መጥታ ሠራተኛዋን ሐሲናን፣ «አገርሽ ተራራ አለ አይደል?» አለቻት።

ሐሲና የወሎ ልጅ ናት። ወሎ ውስጥ ተራራ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ሰማይ አለ ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። እጇን ከሳሙናው አወጣችና የመንደሯን ተራራ ነገረቻት፤ ከሥር ጥዱንና ወይራውን፣ ከፍ ሲል አስታውን፣ ከጫፉ ላይ ደግሞ ጉም የሚተኛበትን፣ ሰው የሚያህል ጅባራ የቆመበትን ሜዳ። ማዳም በስልኳ ፈልጋ አየችው፤ ወደደችው።

«በቃ፣ እዚያ ነው የምንሄደው። አንቺም ትመጫለሽ፣ መንገዱን ትመሪናለሽ። ኢንሻላህ።»

ያን ቀን ሐሲና ሩዙ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመረች። ምክንያቱ ልጇ ናት፤ ሒባ። ጥላት ስትመጣ ገና አፏን የፈታች ሕፃን ነበረች፣ አሁን ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል። ደላላው «ልጅ ያላትን አይወስዱም፣ አላገባሁም በይ» ብሎ ስላስጠናት፣ በማዳም ፊት ሒባ የእህቷ ልጅ ናት። መንደሩ ኔትወርክ አይደርሰውም። ወንድሟ ሙሔ ገበያ ሲወርድ ልጅቷን ይዞ ከሄደ ድምፅዋን ትሰማለች፤ ከዚያ ሌላ ያላት አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ልጇ ካደገች ወዲህ ስትሄድ፣ ስትሮጥ፣ ዞር ስትል ምን እንደምትመስል አታውቅም። ማዳም ከወሰደቻት ግን ታያታለች።

ለልምምድ ዓርብ ጠዋት ከከተማው በስተሰሜን ወዳለው ወደ ሙጥላዕ ሸንተረር ሄዱ። ወሎ ቢሆን ስም እንኳ የማይወጣለት ጉብታ ነው። ቢሆንም ላልለመደው ሰው ቀልድ አይደለም፤ ድንጋዩ እግር ሥር ይከዳል፣ ጎርፍ የቦረቦረው ስርጥ ሲያልቅ ሌላ ስርጥ ይመጣል፣ ዓርፈጅ የሚሉት ደረቅ ቁጥቋጦም ልብስ ከያዘ አይለቅም። ጓደኞቿ ቀድመው ወጡ። ማዳም ወደ ኋላ ቀረች። ሐሲና የሁሉንም ውኃ ተሸክማ ከጎኗ ትሄዳለች፤ ትንፋሿ እንኳ አልተለወጠም።

«ስንት ቀረን?» አለች ማዳም እያለከለከች።

«ደረስን ማዳም። ይቺ ብቻ ናት።»

ይቺን ወጡ። ከኋላዋ ሌላ ዳገት ተገተረ።

«አሁንስ?»

«ደረስን እኮ! አይዞን፣ ያቺን ድንጋይ ስናልፍ።»

ሐሲና ባደገችበት አገር ዳገት ላይ ለደከመ ሰው የቀረውን መንገድ ልክ አይነግሩትም፤ ነውር ነው። ከላይ የሚወርደውም ከጎን የሚሄደውም «እዚህችው ናት» ይለዋል። ደካማውም እንዳልደረሰ ያውቃል፣ ያም ሆኖ ልቡ ይበረታለትና ይሄዳል። እንደ ውኃ የሚሰጥ ቃል ነው። ሐሲና ውሸት መሆኑ ትዝም አላላት። ማዳም ግን እያንዳንዷን «ደረስን» ቆጥራ ይዛለች። ከድንጋዩ ወዲያ ሦስተኛው ዳገት ሲመጣ እግሯ ከዳት፤ በጉልበቷ ቁጥቋጦው መሐል ተንበረከከች። ከላይ ጓደኞቿ ሳቁ። አንደኛዋ ቀረጸቻት።

መኪና ውስጥ ገብተው በሩ እንደተዘጋ ማዳም ወደ ሐሲና ዞረች።

«ከዛባ!» አለቻት ከዚያ። «ውሸታም! ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ዋሸሽኝ፣ መሳቂያ አደረግሽኝ። ውሸታም መንገድ አይመራኝም። የእህቴን ሠራተኛ፣ ያገርሽን ልጅ አሚናን ነው የምወስደው። ኸላስ፣ በቃ!»

ሐሲና ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በመኪናው ወለል ላይ ወርዳ የማዳምን እግር ያዘች።

«በአላህ ይዤዎታለሁ ማዳም! ሒባ የእህቴ ልጅ አይደለችም፤ የእኔ ናት፤ ከሆዴ የወጣች። ስድስት ዓመት አላየኋትም። ሻንጣ ተሸክሜም ቢሆን ይውሰዱኝ።»

ማዳም በለሰለሰ ድምፅ «ፎቶ አለሽ?» አለች። ሐሲና አሳየቻት። «ማሻላህ፣ ዓይኗ ያንቺ ነው። አሚናን ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። ግን ልጅሽን አገኝልሻለሁ። የምትልኪላትን ስጪኝ።»

ሐሲና እጇን ሳመች። ሞኝ! ነጭ ጫማና ቀይ ሻሽ ገዛች፤ ለሙሔም «እኔ አልመጣም፣ ማዳሜ ግን ትመጣለች፤ መንገድ ምራቸው፣ ሒባንም ይዘሃት ና» ብላ ላከችበት።

ማዳም ከወሎ አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጦ ተመለሰች። ሐሲናን ሳሎን ጠራቻትና አጠገቧ አስቀመጠቻት፤ አስቀምጣት አታውቅም ነበር። ስልኳ ላይ የቀረጸችውን ቪዲዮ ከፈተች።

ሙሔ ከሻንጣው ጋር ሩቅ ፊት ፊት ይሄዳል። ወዲህ፣ ጥዱ ሥር፣ ቀይ ሻሽ ያሰረች ቀጭን ልጅ ቆማለች።

የማዳም ድምፅ በዓረብኛ «ንገሪያት» ሲል ተሰማ። አሚና ተከተለች፣ በአማርኛ። «እናትሽ መጥታለች። ከላይ ተደብቃ እየጠበቀችሽ ነው።»

ልጅቷ ሮጠች። ጥዱን አለፈች፤ አስታው መሐል ገባች፤ መንገዱ ወደ ገደሉ ሲጠብ በእጇ እየቧጠጠች ወጣች። አንድ ቦታ ተንሸራታ ወደቀች። «ደክሞኛል» አለች።

«ደረስሽ» አለች አሚና ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። «ይቺ ብቻ ናት።»

ተነሣች። ደግሞ ወጣች፤ ደግሞ «ደረስሽ» ተባለች፤ ደግሞ ወጣች። ጫፉ ላይ፣ የጅባራው ሜዳ ላይ ስትደርስ ቆም አለችና ሻሿን ፈትታ አስተካክላ አሰረች። የጫማዋን ጭቃ በሣር ጠረገች። ከዚያ ፈለገች። ከድንጋዩ ጀርባ አየች። ከጅባራው ጀርባ አየች። ሌላ ጅባራ ጋ ሄደች። ዞር ብላ፣ «የታለች?» አለች።

ካሜራው በማዳም ሳቅ ተንቀጠቀጠና ምስሉ ቆመ።

«ካንቺ ነው የተማርኩት» አለች ማዳም። «እውነትሽን ነው፣ ያስኬዳል! ከኛ ሁሉ ቀድማ ወጣች። ኧረ አታልቅሺ፣ ቸኮሌት ሰጥተናታል።»

ሐሲናን ያን የተላጠ አፍንጫ ከማዳም ፊት ላይ መንቀል አማራት፤ የአሚናን ምላስም። በሕይወቷ እንደዚያን ሰዓት ሰው ጠልታ አታውቅም። ነገር ግን ልጅቷ ስትሮጥ ቀኝ እግሯን እንደ አባቷ ወደ ውጭ ወርወር ታደርጋለች። ሐሲና ይህን አታውቅም ነበር። ስትወድቅ እንደማታለቅስ፣ ስትደክም ወገቧን እንደምትይዝም አታውቅም ነበር። ይህን ሁሉ አሁን በዚህ ስልክ ነው ያየችው፤ ስልኩ ደግሞ የማዳም ነው።

«ማዳም» አለች፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ። «ይድገሙልኝ።»

«መጀመሪያ የጓደኞቼን ቡና አቅርቢ፤ ሊመጡ ነው። ከዚያ ልብሱን ተኩሺ፣ ከሻንጣ የወጣው ሁሉ ተጨማድዷል። ከዚያ እናያለን።»

ሐሲና ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ተነሣች፤ ቶሎ ለመጨረስም እየተጣደፈች ወጥ ቤት ገባች።