የማን ስም ነው?

አናጺውን ሰፈሩ «ሰልፍ» ይለዋል፤ ስሙ ተሰልፎ ስለሚመጣ። እናቱ ያወጣችለት ሦስት ስም ነው፤ ሁለቱ የወንድ፣ መሃለኛው የሴት። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ ክፍሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። እሱም መጀመሪያ በቡጢ መለሰ፣ በኋላ ለመደው። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

ዛሬ ግን የሚስቅ የለም። እናቱ አንጀቷ ታጥፎ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ከቀትር በፊት ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላት እንደማትተርፍ ሐኪሙ ሳያድበሰብስ ነግሮታል። ለዚያ የልጇ ፊርማ ያስፈልጋል። ለመፈረም ደግሞ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ስሙን መቀበል አለበት።

መዝጋቢዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ቸኩላለች እንጂ። በእጅ ከተጻፈው አሮጌ መታወቂያ ላይ እያየች ሦስቱንም ስም ለራስ ስም በተሰጠው ቦታ ብትጽፍ ማሽኑ እምቢ አለ። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ሰው ስም አከፋፈለቻቸው፤ አንዱን ለራሱ፣ የሴቱን ለአባት፣ ሦስተኛውን ለአያት። አሁን ደግሞ የአባቱ ስም በእናቲቱ መዝገብ ላይ ካለው ከባሏ ስም ጋር አልገጥም አለ። እንዴት ይግጠም? ማሽኑ ሃምሳ ዓመት ለሞላው ሰው የሴት ስም ያለው አባት ሰጥቶታል። መዝጋቢዋ አንድ ስም ብቻ እንደሚቀበል፣ እሱንም ታካሚዋ በአፏ ማረጋገጥ እንዳለባት ነገረችው።

«የራስዎ የትኛው ነው?» አለችው።

አናጺው ይህን ጠይቆ አያውቅም። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠ ወጣ።

«እማዬ፣ ከሦስቱ የኔ የትኛው ነው?»

እናቱ ዓይኗን ከኮርኒሱ አልነቀለችም። «ያንተ የለበትም» አለችው።

ሕመሙ የሚያስቃዣት መሰለው። አልቃዠችም፤ ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረችው። ከእሱ በፊት ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ወልዳ፣ ሦስቱንም ዓመት ሳይሞላቸው ቀብራለች። እሱ ሲወለድ አዲስ ስም ማውጣት ፈራች፤ ስም ባወጣች ቁጥር ለሞት አድራሻ የሰጠችው ይመስላት ነበር። ስለዚህ የሟቾቹን ስም ደራርባ አለበሰችው፤ አንዴ የወሰዳቸውን ተመልሶ አይጠይቅም ብላ። አባትየውም ምስጢሩን ይዞ አፈር ገባ።

ስንት ቤት በር የገጠመ ሰው፣ የራሱ የሚለው ስም እንኳ አልነበረውም።

«እንግዲያው አሁን አውጪልኝ» አላት። «ትልቅ ሰው ነኝ፣ አልሞትብሽም።»

አዲስ ስም ከአፏ እንዳያስወጣ ለመነችው። «እኔ ስሞት የፈለግከውን ተባል» አለችው። አልጋው አጠገብ የቆመችው ነርስ ሰዓቷን አየች።

«ታዲያ ከልጆችሽ የማንን ልበል?»

እናቱ ዓይኗን ከኮርኒሱ ነቅላ አየችው።

«የትልቁን» አለች። «እሱ ቢኖር እሱ ነበር የሚፈርምልኝ።»

ነርሷ ቃሏን ተቀብላ ወደ ታች ደወለች። ማሽኑ የሟቹን ስም ያለ አንድ ጥያቄ ተቀበለ፤ አናጺውም ወርዶ በወንድሙ ስም ፈረመ።

ሲመለስ አልጋዋን እየገፉ ሲወስዷት ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። እናቱ እጁን ያዘችና በትልቁ ልጇ ስም ብቻ ጠራችው፤ ሕፃን እንደሚያባብሉ ቀስ ብላ። እንዲህ ጠርታው አታውቅም። የምትጠራው እሱን እንዳልሆነ ገባው።

«አቤት እማዬ» አላት።