የአለበል በሬ እና አምስቱ ወፎች

የአለበል በሬ በጠፋ በአራተኛው ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ የቀበሌው ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሜዳ ላይ አውጫጭኝ ተቀመጠ። የአውጫጭኝ ሕጉ አንድ ነው፤ ሌባው ሳይወጣ ማንም ንቅንቅ አይልም። የሚያውቅ ያወጣል። ቂም የፈራ ደግሞ «ወፍ ነገረኝ» ይላል፤ የወፉም ስም በአደባባይ አይጠየቅም። ረፋዱ ላይ አምስት ሰው በየተራ ተነስቶ አንድ ነገር ተናገረ፦ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ቸኮለ በሬ እየነዳ ወደ ጅጋ ገበያ ሲወርድ ታይቷል፣ ወፍ ነግሮኛል።

ቸኮለ የመሰረት አባት ነው። ያን ቀን ከቤቴ አልወጣሁም አለ፤ ግን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ስለሚያድር ምስክር የለውም። አምስት ወፍ የመሰከረበት ሰው አበቃለት። ከዚያ በኋላ እሳት የሚጫጫረው፣ ለሰንበቴ የሚጠራው፣ ሲሞት አፈር የሚያለብሰው ጎረቤት አይኖርም።

መሰረት የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ተማሪ ናት፤ ለእረፍት ከመጣች ሳምንቷ ነው። ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ልቧ ድው ድው ይላል። ፍርሃት ብቻ ግን አልነበረም። መምህሯ ማሽን ባልተረጋገጠ ወሬ ላይ እንዴት እንደሚያስብ ሲያስተምር ሰሌዳ ላይ የሚሥላቸው ክቦችና ቀስቶች እፊቷ ድቅን አሉ። የአባቷ ስም በአደባባይ እየተጎተተ ደስ ማለቷ አሳፈራት፤ ቢሆንም ደስ አላት፤ ምን ታድርግ።

ተነስታ እጅ ነሳች። ለአባቷ ጥብቅና ቆመች ብለው የሳቁም ነበሩ። ዳኛው አያ ባምላኩ ግን ተናገሪ አሏት።

«አያ፣ አባቴን ነፃ አውጡልኝ አልልዎትም። ወፎቹ ስንት እንደሆኑ ብቻ ይቆጠሩልኝ።»

አምስት ምስክር፣ አምስት ወፍ፤ ምን ይቆጠራል? መሰረት በእንጨት መሬቱ ላይ ለአምስቱ አምስት ክብ ሠራች። አያ ባምላኩ እያንዳንዱን ለብቻ ወስደው ወፉ ማን እንደሆነ በጆሮ እንዲጠይቁ፣ ስም ሳይጠሩ ከነጋሪው ወደ ሰሚው ቀስት ብቻ እንዲያሠምሩ ለመነቻቸው። ሕግ አይፈርስም፣ ምስጢርም አይወጣም። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ፈቀዱ።

አንደኛው ከሦስተኛው ሰምቷል። ሁለተኛውም ከሦስተኛው። አራተኛው ከአምስተኛው። የቀሩት ሁለቱ ግን ከአምስቱ ውጭ ከሆነች ከአንዲት ስድስተኛ ክብ። አያ ባምላኩ የመጨረሻውን ቀስት አሥምረው እንዳጎነበሱ ቀሩ።

«አርባ ዓመት ወፍ ስቆጥር ኖሬ» አሉ፣ «አንድ ወፍ አምስት ጊዜ ቆጥሬ ሰው ላጠፋ ነበር።»

ሸንጎው ንብ እንደገባበት ቤት ሆነ። ያኔ አቻምየለሽ የምትባል ጎረቤታቸው ማንም ሳይጠይቃት ነጠላዋን አደግድጋ ተነሳች። ወፊቱ እኔ ነኝ፤ ያየሁት በጉም ውስጥ ጀርባ ነው፣ ቁመናው የቸኮለን መሰለኝ አለች። ሐሙስ ደግሞ የገበያ ቀን ነበር። መሰረት በዚያ መንገድ ጎህ ሲቀድ ከብት የነዳ እጁን ያውጣ ስትል ዘጠኝ እጅ ወጣ። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹን እስከ ዛሬ የጠፉ በሬዎች የት እንደተገኙ ጠየቀቻቸው። ይሄን ጊዜ እሳቱ ተያያዘ። ዱላ እየወዘወዙ፣ ቃል እየተነጣጠቁ፣ በሃያ ዓመት የጠፋውን በሬ ሁሉ በመልኩና በቀንዱ ቆጠሩ። አሥራ ሁለት ጠፍቷል፤ ሦስቱ ተሰርቀዋል፣ ዘጠኙ ራሳቸው ሄደዋል። ከሄዱትም የሚበዙት አዲስ ተገዝተው ወደ ተወለዱበት ግጦሽ የተመለሱ ናቸው። የአለበል በሬስ? ከገበዘ ማርያም ሰው ከተገዛ ገና ሦስት ሳምንቱ።

መሰረት ግምቷን ልትከፋፍልበት አሥር የበቆሎ ፍሬ አስመጣች። ሰባቱን በሬው አገሩ ገብቷል ለሚለው አኖረች። ሁለቱን ለማይታወቅ ሌባ። አንዲት ፍሬ መዳፏ ላይ ቀረች። የአባቷን ክብ ሠርታ መሃሉ ላይ አስቀመጠቻት።

«ለአባትሽም?» አሉ አያ ባምላኩ።

«ለአባቴም። ባዶ ካደረግሁት፣ ነገ በሬውን ከበረታችን ብታገኙት እንኳ ልቤ አይቀበልም። እንዲያ ያለ ልብ ደግሞ ፍርድ አይችልም።»

አለበል የሌባ ወሬ ከመጀመሪያው ቀን ጆሮው ገብቶ በሬዬ ተሰረቀ ብሎ ስለቆረጠ ለሻጩ መደወል ትዝ ብሎት አያውቅም። አሁን በሽያጩ ዋስ ወደሆነው የሻጩ ጎረቤት ስልክ መታና ድምፁን ከፍ አደረገው። ሰውየው ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ በሬው ትናንት ማታ ብቻውን መጥቶ ከሻጩ በረት በር ቆሞ አገሣ፣ ቁጥርህን ብናጣ ጊዜ እኮ ነው ያልደወልንልህ አለ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አለበል ከቸኮለ ጉልበት ላይ ወደቀ፤ ይቅር ተባባሉ።

አባትና ልጅ ወደ ቤት ሲሄዱ የመሰረት እግር መሬት አልነካ ብሎ ነበር። ስለ ክቦቹ፣ ስለ ቀስቶቹ፣ መምህሯ ይሄን ቢያይ ምን እንደሚል ታወራለች። አባቷ መንገዱን ብቻ እያየ ይራመዳል። በአንዲቷ ፍሬ የተቀየማት መሰላት። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ቆመ።

«ያችን አንድ ፍሬ ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም፣ አባ። ለማንም ቢሆን አስቀምጥ ነበር።»

ቸኮለ ወደ ኋላ ዞሮ መንገዱን አየ። ሰው አልነበረም።

«አንቺ ጡት ላይ ሳለሽ፣ በሬዎቼ በአባ ሰንጋ ያለቁ ዓመት፣ የዚሁን የአለበልን በሬ ጎህ ሳይቀድ ፈትቼ እዚህ ድረስ ነድቼ ነበር። እዚህ ስደርስ አፈርሁና መለስሁት። ሰው ‹ቸኮለማ የሰው አይነካም› ባለ ቁጥር ላብ ያጠምቀኛል። ዛሬ አንቺም እንደዚያ ብትይ አልችለውም ነበር።»

አባቷ ጫማውን አወለቀ፣ እጇን ያዘና ወንዙን አሻገራት።