ትልቁ ዘንዶ

ነርሷ ለቅዳሜው ውድድር ያሰናዳቻቸው ስልሳ የመጫወቻ ካርዶች፣ ሌሎች ተጫዋቾች ንቀው በርካሽ የሸጧቸው ነበሩ። ውዱ አንድ ብቻ ነው፤ ጡረተኛው አናጢ አባቷ ለልደቷ የገዛላት የዘንዶ ካርድ።

አባትየው ሦስት ሳምንት ሙሉ አለማመዳት፤ ሁሌም እሱ አሸነፈ። ዛሬ ግን ምክንያቱን አየ። ትንንሾቹ የወታደር ካርዶቿ ሁለት የጉልበት ካርድ ብቻ ተከፍሎባቸው ይሰለፋሉ፤ ዘንዶው ስምንት ይፈልጋል። ለዘንዶው ጉልበት ስትቆጥብ ወታደሮቹ እጇ ላይ ይቀራሉ።

«ይሄን ሥራ ፈት አውጪው» አላት።

«አንተ የሰጠኸኝን? ብሸነፍ ይሻለኛል፣ አባዬ!»

«ሻጩን ‹ትልቁን አምጣ› አልኩት እንጂ ያኔ ጨዋታውን መች አውቄ!»

ከት ብላ ሳቀች፤ ዘንዶውን ግን አለቀቀችም። አባትየው ቀስ ብሎ ከጣቶቿ መካከል አወጣውና ደረት ኪሱ ከተተው። «ቅዳሜ ከእኔ ጋር ተቀምጦ ያይሻል።»

በምትኩ ጥጉ የታጠፈ ወታደር አስገቡና እንደገና ተጫወቱ። ወታደሮቿ ተከታትለው ወጡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈችው።

«እህስ፣ አባዬ?»

«ዕድል ነው፤ በውዢ» አላት፣ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ካርዶቹ ጎንበስ ብሎ።