ከወዲያኛው ወንበር

እትዬ አንጎል የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። እሳቸውም አልተቀየሙም። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው አንጎል ሲመረምር የኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ያመጣል?

ያን ዕለት ጠዋት ግን ስሙን ትተው ሥራቸውን ሊነጥቋቸው መጡ። የመጣው የምርምር ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ የማይክሮስኮፕ አያያዝ ያስተማሩት የቀድሞ ተማሪያቸው። በእጁ ሁለት ባዶ ሳጥን ያለባት ወረቀት ይዟል። አንዷ «ለሥራ ብቁ ናቸው»፣ ሌላዋ «ብቁ አይደሉም» ትላለች። ባለፈው ወር እትዬ አንጎል በአንድ ስብሰባ ላይ ያንኑ ንግግር ሁለት ጊዜ አድርገው ነበር፤ ቦርዱም የማስታወስ ፈተና ይውሰዱ ብሎ ወሰነ። ከወደቁ የመመርመሪያ ክፍላቸውን ቁልፍ ዛሬውኑ ያስረክባሉ።

«የትኛውን ፈተና ነው ያመጣህልኝ?» አሉት።

ኃላፊው አንገቱን ደፋ። «ያው… የእርስዎን።»

እዚህ ላይ ሳይስቁ ማለፍ ይከብዳል። ፈተናውን ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። በግ፣ ቁልፍ፣ ድልድይ፣ ጨው፣ መስኮት፤ አምስቱን ቃላት ከሠላሳ ዓመት በፊት የመረጡ፣ ለስንቱ ሽማግሌና ባልቴት ያነበቡ እሳቸው። ቢያንቀላፉም እንደ ውሃ ያንበለብሏቸዋል። የቦርዱ ዘጠኝ የተማሩ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ግማሽ ቀን መክረው፣ ፈተናውን ላወጣው ሰው ያንኑ ፈተና እንስጠው አሉ።

እትዬ አንጎል ግን አልሳቁም። በነጩ ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ትንንሽ ካርዶች አሉ። አንዱ ላይ የስብሰባ ሰዓት፣ ሌላው ላይ መነጽራቸው ያለበት መሳቢያ ተጽፏል። አንደኛው ካርድ ላይ ደግሞ የልብ ወዳጃቸው መሞቷ ሰፍሯል፣ ደህና ናት ወይ ብለው ዳግመኛ ልጆቿን እንዳይጠይቁ። ካርድ መጻፍ ከጀመሩ ስምንት ወራቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ለየቤተሰቡ «መርሳት በሽታ እንጂ ነውር አይደለም» ሲሉ ኖረው፣ ተራው ሲደርሳቸው እንደ ሌባ ኪሳቸውን ይደባብሳሉ። ከበሽታው ይልቅ ያንገበገባቸው ይህ ነው።

ኃላፊው ነገሩ ሲከብደው ጊዜ «ፕሮፌሰር፣ እርስዎ በቦታዎ ይሁኑ፣ እኔ እዚያ እቀመጣለሁ» አለ።

«ተፈታኝ የሚቀመጥበትን አውቃለሁ» ብለው፣ ግድግዳውን ተደግፎ ወደሚቆመው ወንበር ሄደው ቁጭ አሉ። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያስቀምጡበት የኖሩት ወንበር ነው። እሳቸው ተቀምጠውበት አያውቁም።

አምስቱን ቃላት መለሱ። የሰዓት ሥዕል ሳሉ፤ ቁጥሮቹም ጠቋሚዎቹም ልክ ናቸው። ከዚያ ኃላፊው «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አለ።

ቀኑን ካርድ ላይ አልጻፉትም። ጨንቋቸው ዐይናቸውን ቀና ሲያደርጉ፣ በኃላፊው ትከሻ ላይ አልፎ በበሩ ትንሽ መስታወት በኩል ኮሪደሩ ታየ። ከኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋ በየማለዳው የምትገነጥለው አሮጌው ካሌንደር ተሰቅሏል። ቁጥሩ ቡጢ ያህላል፣ ቀይ ነው።

«አሥራ ሰባት» አሉ።

«ልክ ነው።»

እትዬ አንጎል የሟች ታካሚዎች አንጎል በጠርሙስ ወደተደረደረበት መደርደሪያ ዞሩ። ሦስተኛው ጠርሙስ ውስጥ ያለው የአንድ ልብስ ሰፊ አንጎል ነው። ሰውዬው በየዓመቱ ሳያቋርጥ ሊፈተን ይመጣ ነበር። መጨረሻ ላይ ሚስቱንም መርፌውንም ረሳ፤ ቀኑን ግን አንድም ጊዜ ስቶ አያውቅም። እትዬ አንጎል ተደንቀው፣ በቀጠሮ የሚተዳደር ሙያ ቀንን በአንጎል ላይ እንዴት እንደሚያትም አሥራ አንድ ገጽ ጥናት ጻፉ። ያውም ስለ ልብስ ሰፊ! በቀጠረው ቀን አንድ ሱሪ አስረክቦ ስለማያውቅ ሰው! ሲሞት ቀኑ የታተመባትን ቦታ ፍለጋ የአንጎሉን ግማሽ በስሱ በስሱ ከትፈው በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ሁለት ዓመት ፈጁ።

ሳቁ መጣ። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ኃላፊው ደንግጦ ውሃ ሊያመጣ ተነሣ።

«ተቀመጥ። ያ ልብስ ሰፊ ለካ ከዚህ ወንበር እያነበበ ጉድ ሠርቶኛል» አሉና ካሌንደሩን አሳዩት።

ኃላፊው ዞሮ አየ፣ ጥናቱንም አስታወሰ፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ እፎይ ብሎ «ብቁ ናቸው» ወደምትለዋ ሳጥን እስክሪብቶውን ሰነዘረ። እትዬ አንጎል ወረቀቷን በመዳፋቸው ሸፈኗት።

«እንዳትነካት።»

«ሙሉ ነው እኮ ያገኙት።»

«ሙሉ ያገኘሁት እኔ ስላወጣሁት ነው። ቀኑንም ከበሩ ሰርቄ ነው።» ካርዶቹን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፏቸው።

ኃላፊው አንድ በአንድ አነበባቸው። የወዳጃቸው መሞት የተጻፈበት ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። «ታዲያ… ብቁ አይደሉም ብዬ ልሙላ?»

«እሷንም አትነካም። ስማኝ ልጄ። አንተ ያለህበት ወንበር ላይ ሠላሳ ዓመት ተቀምጬ ያላየሁትን፣ እዚህ ሩብ ሰዓት ሳይሞላኝ አየሁት። ሰው ሲረሳ ውስጡ ምን እንደሚሆን ማን ነግሮን ያውቃል? ታካሚዎቻችን የሙያው ቋንቋ የላቸውም። እኔ አለኝ፣ እስካለኝ ድረስ። ስለዚህ ቁልፉን አልሰጥም። በየሳምንቱ እዚህ እቀመጣለሁ፣ ቃላቱን እኔ የማላውቃቸው አድርጋችሁ ታመጣላችሁ፣ ትጽፋላችሁ።»

«ቦርዱ እሺ አይልም።»

«ቦርዱ መጥቶ እዚህ ይቀመጥና ያናግረኝ። እኔ ክንዴን ሳልንተራስ ከዚህ ክፍል አልወጣም።»

«እየባሰብዎት ሲሄድስ?» አለ ኃላፊው።

«ያን ጊዜ ነው ይበልጥ የምጠቅማችሁ። ስሞት ከልብስ ሰፊው አጠገብ አስቀምጠኝ። የምንነጋገረው አለን።»

ኃላፊው የቦርዱን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና ከመሳቢያው የመርሳት ጥናቱን ባዶ መዝገብ አወጣ። እስከዚያ ቀን የተጠኑት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። እሱ «213» ብሎ ጻፈ።

እትዬ አንጎል ተነሥተው የበሩን መስታወት በአሮጌ ጋዜጣ ሸፈኑ፣ ዳርዳሩን በፕላስተር አጣበቁ፣ ተመልሰውም ተቀመጡ። «በል ጀምር» አሉ።

«ዛሬ… ቀኑ ስንት ነው?»

ካነበቡት ገና ብዙ አልቆየም። ፈለጉት። የካሌንደሩ ቅላት አለ፣ የቁጥሩ ትልቅነት አለ፣ ልብስ ሰፊው አለ። ቁጥሩ የለም። ፈሩ፣ በጣም ፈሩ፤ እጃቸውም እንደ ልማዱ ኪሳቸው ገባ። ኪሱ ባዶ ነው። እጃቸውን አውጥተው ኃላፊው በሚያየው ቦታ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«አላውቅም» አሉ፣ አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ሲያስተምሩበት በኖሩት ድምፅ። «ጻፈው።»