ካርቶኑን የዳጠው መኪና

ሻጩን የሥራ ባልደረቦቹ «ማር» ይሉታል፤ ምላሱን ማለታቸው ነው። እሱም ቅጽል ስሙን አልጠላውም። ምን አለፋችሁ፣ ከዝናብ ለመጠለል ብቻ ጎራ ያለን ሰው ወንበር ስቦለት፣ ውሃ አቅርቦለት፣ በመጨረሻ የመኪና ቁልፍ አስይዞ የሚሸኝ ሰው ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ የካርቶን ትርኢቱ ነው። ከማሳያ አዳራሹ ጀርባ ባለው ግቢ ባዶ ካርቶን ያቆማል፤ ገዢውን ከጎኑ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ወደ ካርቶኑ እየነዳ ሁለቱንም እግሮቹን ከፔዳሉ ላይ ያነሳል። መኪናው ጮኾ ጮኾ አንድ ክንድ ሲቀረው በራሱ ጊዜ ቀጥ ይላል። ገዢው ትንፋሹ ሲመለስ ማር ይስቃል፣ ውሉም ይፈረማል።

አንድ ነገር ብቻ አይናገርም። የሙከራው መኪና ሙሉው ፓኬጅ የተገጠመለት ነው። ሰው የሚገዛው ግን አብዛኛውን ጊዜ መለስተኛውን ነው፤ መለስተኛው ይጮሃል እንጂ አይቆምም። ከውጭ ለሚያያቸው መንትያ ናቸው፤ ካሜራው ያው፣ መሪው ላይ ያለው ቁልፍ ያው። የማስታወቂያው ወረቀት እንኳ «የግጭት መከላከያ» በሚለው ፊት ለሁለቱም ምልክት አድርጓል። መለስተኛው አጠገብ የዝንብ ኩስ የምታህል ኮከብ አለች፤ ትርጉሟ ከገጹ ግርጌ አጉሊ መነጽር በሚያስፈልገው ጽሑፍ ሰፍሯል። የሥራ አስኪያጇ ደንብ «ካልጠየቁ አትንገር፣ ከጠየቁ አትዋሽ» ነው። ማርም በዚህ ደንብ ሦስት ዓመት ሙሉ ለሽ ብሎ ሲተኛ ኖሯል።

ችግሩ፣ ከጥቂት ወራት በፊት መኪና ሊገዙ የመጡ አንዲት እማማ ጠይቀውታል።

ባላቸው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያመላልሱ አንድ ዶሮ እንኳ አልገጩም። ዓምና ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እግራቸው ትንሽ ዘገየ። ሐኪሙ መንዳት ይችላሉ ቢልም የእማማ ሆድ አልቆረጠም። ስለዚህ ካርቶኑ ፊት ቆመው፣ «ልጄ፣ እኛ የምንገዛው እንዲህ ይቆማል?» ብለው ጠየቁት።

ማር ፈገግ አለ። «ዓይንዎ ያየውን እኔ ምን እጨምርበታለሁ፣ እማማ?»

አልዋሸሁም እኮ! እንዲህ እያለ ራሱን አሞኘ። ይባስ ብሎ አዋቂ ለመምሰል ወደ ሽማግሌው ዞሮ፣ «ብቻ አባባ፣ ነዳጅ ከረገጡ መኪናው የሚታዘዘው ለእርስዎ ነው፤ በራሱ ፍሬን መያዙን ይተወዋል» ሲል መከራቸው። መለስተኛውን ገዝተው፣ መርቀውት ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት መኪናውን ለመጀመሪያው ሰርቪስ አመጡት። የነዱት እማማ ናቸው፤ መሪውን አንቀው ይዘው። ሽማግሌው ከጎን ተቀምጠዋል፣ ጉልበታቸው መሃል ከዘራ። የፊት መከላከያው ተፍቋል።

እማማ ማርን ለብቻው ሳብ አደረጉት። «እባክህ ባሌን አናግርልኝ። መኪናው የመጣ ሰሞን እንደ አዲስ ተወልዶ ነበር፤ ልጅቷን፣ የልጅ ልጃችንን፣ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት እሱ ነበር። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ቁልፉን ወርውሮ ተቀመጠ። ደረጃ እንኳ ደግፉኝ ይላል። ምን እንደነካው ለኔ አይነግረኝም።»

ማር ገብቶ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ካርቶን አቆምኩ» አሉ ሽማግሌው። «እንዳንተ። ልጅቷን ላሳያት ብዬ። እግሬን አነሳሁ፤ ማለቴ፣ ያነሳሁ መስሎኝ ነበር። ጮኸ፣ ጮኸና ካርቶኑን ዳጠው። ደንግጬ ፍሬን ስይዝ አጥሩ ጋ ደርሰናል።»

«አባባ…»

«ቆይ ልጨርስ። አንተ ነግረኸኝ የለ፣ ነዳጅ ከተረገጠ ይተወዋል ብለህ? እግሬ ሳላውቀው ረግጧል ማለት ነው። የገዛ እግሩ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው፣ መንዳት ይቅርና ሰው መሃል መቆምም አይገባውም። ለባለቤቴ እንዳትነግራት።»

ማር መልስ አላጣም፤ መልስ አጥቶም አያውቅ። ካሜራው አቧራ ይዞት ይሆናል፣ እናጸዳዋለን ቢላቸው ነገሩ በዚያው ያልቃል። ሥራ አስኪያጇ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና እያየችው ነው። ዝቅ ብሎ የሽማግሌውን ቀኝ እግር አየ። ከወንበሩ ስር ወደ ኋላ ሸሽገውታል፣ እንደ ጥፋተኛ። ጥፋተኛው እኔ፣ የሚደበቀው የሳቸው እግር፣ አለ በልቡ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«እግርዎ አይደለም» አለ።

«አታባብለኝ፣ ልጄ።»

«እያባበልኩዎ አይደለም። ያኔ ያየነው መኪና ሌላ ነው። ይሄኛው ይጮሃል እንጂ አይቆምም፤ ሲሠራም እንዲቆም ሆኖ አልተሠራም። እማማ ሲጠይቁኝ አውቅ ነበር።»

ስድብ ጠበቀ። ጥፊም ቢሆን ይገባኛል ብሎ ነበር። ሽማግሌው ግን ቀኝ እግራቸውን ቀስ ብለው አወጡት። ጫማቸውን ከፍ፣ ዝቅ አደረጉ፤ እንደገና ከፍ አደረጉ።

«እግሬ አይደለማ?» አሉ። ከዚያ የማርን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና ግንባራቸውን አስደገፉበት። «ተባረክ፣ ልጄ። ነፍሴን መለስክልኝ። አንተ ባትነግረኝ እንዲሁ ሆኜ እቀር ነበር።»

ማር እጁን መንጠቅ ፈለገ፤ አልቻለም። ያታለለው ሰው እያመሰገነው ነው።

ሽማግሌው በሩን ከፍተው ወረዱ። ከዘራውን ወንበሩ ላይ ትተው መኪናውን ዙሪያውን መዞር ጀመሩ፣ ቀስ እያሉ።

እማማ በተከፈተው መስኮት በኩል ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

«ልጅቷ ከጎኑ ነበረች?» አሉት።

«አዎ።»

«እንዲህ አድርገህ የሸጥክለት ሌላ ሰው አለ?»

ማር ከመኪናው ወረደ። ጠረጴዛው ጋ ሄዶ የሦስት ዓመት የደንበኞች መዝገቡን ከመሳቢያ አወጣ። ሥራ አስኪያጇ መጥታ «ማን ጋ ልትደውል ነው?» ስትለው ቀና ብሎ አላያትም። የመጀመሪያውን ቁጥር መታ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ መኪናውን የሸጥኩልዎ ነኝ። አሁን እየነዱ ነው? ከጎንዎ ሰው አለ?»