ገጽ መቶ አርባ ሦስት

አገሬ ያንን መጽሐፍ የገዛችው በንዴት ነው። በእውቀት ጥማት ምናምን የሚላችሁ ቢኖር እንዳታምኑት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገሬ ብቸና ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። የመሥሪያ ቤቱን ስም እንተወው፤ ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። በታይፕ ጀምራ፣ ኮምፒዩተር ሲመጣ እሱንም ተላመደች፤ ደብዳቤ ስትጽፍ ጣቶቿን እከተላለሁ ያለ ሰው ዓይኑ ይደክማል። ዘንድሮ ግን አዲስ መዋቅር መጣና የጸሐፊ መደብ ታጠፈ። በምትኩ «የሰነድ ባለሙያ» የሚባል መደብ ተከፈተ፤ እሱም አንድ ብቻ! የሚወዳደሩት ደግሞ ሁለት ናቸው፤ እሷና የኔሰው። የኔሰው ኮምፒዩተር ተምሮ የተመረቀ የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነው። ፈተናው ሞጣ ላይ ይሰጣል፣ የሚፈተኑትም ፒዲኤፍ ማስተካከል ነው ተባለ። የወደቀ ቆላ ቀበሌ ይመደባል። አገሬ በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በዚያ በሚቆረጥማት ጉልበቷ፣ ቆላ ልትወርድ ነው ማለት ነው።

«እትዬ አገሬ፣ ለምን ይደክማሉ?» አላት የኔሰው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ፒዲኤፍ እኮ በታይፕ አይከፈትም።»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ንዴቱን ግን ይዛው ወጣች።

በዚያው ሳምንት ለዘመድ ለቅሶ ሞጣ ሄዳ ስትመለስ ጋሽ ሳሊህ ሱቅ ጎራ አለች። ጋሽ ሳሊህ ገበያው አጠገብ ደብተርና መጽሐፍ ሲሸጡ ያረጁ፣ ጨዋታ የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሽ ሳሊህ፣ ፒዲኤፍ የሚያስተምር መጽሐፍ አለዎት?»

«አንድ አለ። ሦስት ዓመት ተቀምጧል፣ የሚያነሳው ጠፍቶ። ለልጅሽ ነው?»

«ለራሴ ነው።»

«እሰይ አንቺ ልጅ!» አሉና አቧራውን በኮታቸው እጅጌ ጠርገው ሰጧት። «ሥዕሎቹ ጠቁረዋል፤ ጽሑፉ ግን ደህና ነው። አልገባኝም ብለሽ እንዳትመልሺብኝ ታዲያ!»

አንቺ ልጅ መባል እንዴት ደስ እንዳላት! መጽሐፉን በነጠላዋ ጠቅልላ አውቶቡስ ላይ ወጣች።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ቤቷ ኮምፒዩተር የለም። የቢሮው ኮምፒዩተር የሚለቀቅላት ሰው ምሳ ሲወጣ ነው፤ ያኔ ደግሞ መብራት ይሄዳል። ምን ታድርግ? አባቷ የድጓ ተማሪ ነበሩ፤ ብራና የሚነካው በስንት ተራ ስለሆነ ትምህርቱን ሁሉ በቃል ነው የያዙት። እሷም እንደ አባቷ ልታደርግ ቆረጠች። አንዱን ምዕራፍ ታነባለች፣ መጽሐፉን ትዘጋለች፣ ከዚያ ወጥ እያማሰለች በቃሏ ትለዋለች፦ «ፋይሉን ክፈት፤ ገጾቹን ምረጥ፤ ወደ ቀኝ አዙር፤ በሌላ ስም አስቀምጥ።» ጎረቤቷ በአጥር ሰምታት «አገሬ፣ ይኼ ደግሞ የማን መልክእ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። አገሬ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «አዲስ ነው» አለቻት።

ምሳ ሰዓት ላይ መብራት ካለ፣ ማታ በቃሏ የያዘችውን በጣቷ ትሞክረዋለች። አንድ ቀን የሠራተኛውን የዓመት ፈቃድ ዝርዝር ከፍታ ገጽ መሰረዝ ስትለማመድ «በሌላ ስም አስቀምጥ» የምትለዋን ዘለለቻት። ዋናው ፋይል ላይ አስቀመጠችና የግማሹ ሠራተኛ ፈቃድ ድራሹ ጠፋ! የታተመውን ቅጂ ፈልጋ፣ ሰው ከምሳ ሳይመለስ፣ እንደ ድሮው ታይፕ እያንጣጣች ከሀ እስከ ፐ መልሳ ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ ያቺን መስመር እንኳን ነቅታ ተኝታም አትረሳትም።

በሁለተኛው ሳምንት ገጽ መቶ አርባ ሦስት ላይ ደረሰች። ገጹ ላይ በመስመር የተከበበ ማሳሰቢያ አለ፦

«ስም ለመደበቅ በላዩ ላይ ጥቁር ሳጥን መሳል ስሙን አያጠፋውም። ስሙ ከሥር አለ። ማንም ሰው ጽሑፉን መርጦ፣ ቀድቶ፣ ሌላ ቦታ ቢለጥፈው ይወጣል። ጨርሶ ለማጥፋት ሪዳክት የሚለውን መሣሪያ ይጠቀሙ። ምልክት ማድረግ ብቻም አይበቃም፤ አፕላይ የሚለውን ይጫኑ።»

አገሬ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ይኼ ምኑ ያስለቅሳል ትሉ ይሆናል። ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው ቢሮ ፍሬ የምትባል ባለሙያ ነበረች፤ ከአሰላ ተመድባ የመጣች፣ ከአገሬ ጋር ምሳ ዕቃ የምትከፍት፣ እንደ እህት የሆነች ልጅ። ፍሬ አንድ ኃላፊ ዘመዱን ያለ ውድድር ሲቀጥር አየችና አቤት አለች። ነገሩ ተጣራ፤ ውሳኔውም የአቤት ባይዋ ስም ተሸፍኖ ለሠራተኛው ሁሉ በቴሌግራም ይላክ ተባለ። የሸፈነችው አገሬ ናት፤ ጥቁር ሳጥን ስላ፣ አሳምራ። ከምሳ በፊት የፍሬ ስም በየሰዉ ስልክ ላይ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሬን ሰላም የሚላት ጠፋ። ሻይ ቤት ስትገባ ወሬ ይቆማል። ሁለት ወር ታግሣ ዝውውር ጠየቀችና ደጀን ገባች። የሄደች ቀን በሩ ላይ ቆማ «እትዬ አገሬ፣ እርስዎን እንኳ አምኜ ነበር» አለቻት። ከአጣሪዎቹ ሌላ ስሙን የምታውቀው አገሬ ብቻ ነበረች፤ እንዴት እንደወጣ ደግሞ ራሷም አታውቅም።

እንግዲህ ያስለቀሳት ይኼ ነው። ዓይኗን ጠረገች፤ በማግስቱ ምሳ ሰዓት በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ ሳጥኗን በራሷ እጅ ሳለች፣ መረጠች፣ ቀዳች፣ ለጠፈች። ከሥር ያለው ስም ፍጥጥ ብሎ ወጣ።

የፈተናው ቀን ሞጣ ላይ ከየመሥሪያ ቤቱ ለየራሱ መደብ የሚወዳደር አሥራ አራት ሰው ተሰበሰበ። ፈታኙ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል፣ ከላይ የተላከ፣ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ የሚያይ ሰው ነው። ሥራው ሦስት ነበር። ተገልብጠው ስካን የተደረጉ ሃያ ገጾችን አቅንቶ በተራ ማስቀመጥ፤ የገጽ ቁጥር መስጠት፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ በኮምፒዩተር የተጻፈ የአቤቱታ ደብዳቤ ለሕዝብ እንዲለጠፍ ማዘጋጀት፣ የአመልካቹን ስምና ስልክ ደብቆ። አገሬ ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አንድ ሰዓት አላችሁ» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ። «ፍጥነትም ነጥብ አለው።»

የኔሰው በአሥራ ስምንት ደቂቃ ጨርሶ ብድግ አለ። በአጠገቧ ሲያልፍ «እትዬ፣ አይዞዎት» አላት፤ ማሽሟጠጥ ይሁን ማዘን አልለየላትም። ሌሎቹም ተራ በተራ ወጡ። እሷ ገጾቹን አቅንታለች፣ ቁጥሩንም ሰጥታለች፤ የቀራት ደብዳቤው ነው። ሳጥን ስላ ብትነሳ ማን ያውቅባታል? ከሌላው በምንም አይለይም፣ ፍጥነቱም ይተርፋታል። እጇ ወደ ሳጥኑ ሄዶ ነበር፤ አልዋሽም፣ ሄዶ ነበር። ግን ፍሬ በሩ ላይ ቆማ ታየቻት።

«ቆላም ልውረድ!» አለች በልቧና ሪዳክትን ከፈተች።

ስሙን በኮምፒዩተሩ መፈለጊያ ፈለገችው። ሦስት ቦታ አለ ስትል አራተኛውን ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ አገኘችው። ሁሉንም ምልክት አደረገች፣ ስልኩንም። አፕላይ ስትል ኮምፒዩተሩ «የሚጠፋው አይመለስም፣ ይቀጥል?» ብሎ ጠየቃት።

«እሱን ነው የምፈልገው!» አለች ጮክ ብላ፤ ፈታኙ ቀና ብሎ አያት። በሌላ ስም አስቀመጠች። ሃምሳ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ነበር።

ኃይለ ጊዮርጊስ ሁሉንም አስገብቶ የእያንዳንዱን ሥራ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳየ። አሥራ አራቱም ደብዳቤ ላይ ያው ጥቁር ጥቁር ነው። «ሥራው ተመሳሳይ ስለሆነ የሚለየው ፍጥነት ነው። አንደኛ የኔሰው፣ አሥራ ስምንት ደቂቃ። መጨረሻ ወይዘሮ አገሬ፣ ሃምሳ ስድስት።»

አገሬ እጇን አወጣች።

«ተመሳሳይ አይደለም ጌታዬ። ከተፈቀደልኝ ላሳይ።»

«ይቅረቡ።»

ከየኔሰው ደብዳቤ ጀመረች። ሁሉንም ምረጥ፤ ቅዳ፤ ባዶ ገጽ ክፈት፤ ለጥፍ። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ እንደ ድሮው ተንጣጡ። ግድግዳው ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «ሽታሁን ባየ» የሚል ስም ከነስልኩ ተገተረ።

«እንዴ!» አለ አዳራሹ።

ሁለተኛውን ከፈተች፤ ሽታሁን ባየ። ሦስተኛውን ከፈተች፤ ሽታሁን ባየ። ሰባተኛው ላይ ሰዉ ከእሷ ቀድሞ ስሙን መጥራት ጀመረ። አሥራ ሦስቱም ጋ ሽታሁን ባየ ከነስልኩ ቁጭ ብሏል። የራሷን ስትለጥፍ ስሙ ባለበት ቦታ ባዶ ብቻ ወጣ። አንዱ አጨበጨበ፣ ከዚያ ሁሉም።

«ይኼ ስም ለፈተና የተፈጠረ ነው» አለች። «የእውነት ሰው ቢሆን ግን ዛሬ ማታ አገር ያውቀው ነበር። ፍጥነት ለማን ይጠቅማል?»

ኃይለ ጊዮርጊስ ግድግዳውን አየ፣ እሷን አየ። ጨዋ ሰው ነው፣ ይመስገን። «እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔም ሳጥን ነበር የምስለው» አለ። «የት ተማሩት?»

«ገጽ መቶ አርባ ሦስት!»

መደቡ የማን እንደሆነ እዚያው ተነገረ፤ አገሬም አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ወደ መናኸሪያ ስትሄድ በጋሽ ሳሊህ በር ላይ ቆማ «አልመልሰውም!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌው እንደተቀመጡ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉላት።

ደጀን ድረስ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ የኔሰው አጠገቧ ተቀመጠ። ብቸና ሲቃረቡ «እትዬ፣ ይቅርታ» አለ። አገሬ መጽሐፉን ከነጠላዋ ፈትታ ጭኑ ላይ አኖረችለት።

«ያዘው። ቆላም ቢሆን የሰው ስም አለ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ከዚያ ስልኳን አውጥታ ሁለት ዓመት ያልደወለችበትን ቁጥር ደወለች። ሊዘጋ ሲል ተነሳ።

«ፍሬ፣ አገሬ ነኝ። እንዳትዘጊው፤ አንድ ነገር ላንብብልሽ።» በእጇ ምንም አልነበረም። ዓይኗን ጨፍና በቃሏ አለችው፦ «ስም ለመደበቅ በላዩ ላይ ጥቁር ሳጥን መሳል ስሙን አያጠፋውም። ስሙ ከሥር አለ…» እስከ መጨረሻው፣ አንድ ቃል ሳታጎድል።

«አላወቅሁም ነበር ልጄ። ስምሽን ለማንም አልተናገርሁም፤ ግን በእጄ ነው የወጣ። ዛሬ አውቄያለሁ።»

ፍሬ ስታለቅስ ይሰማል። «እትዬ አገሬ፣ እኔ እኮ ሁለት ዓመት…» አለችና አልጨረሰችውም። «አሁን የት ነዎት?»

አውቶቡሱ ቆመ። «ብቸና!» ብሎ ረዳቱ ጮኸ። የኔሰው መጽሐፉን ታቅፎ ተነሳ፤ እሷ አለመነሳቷን አይቶ «እትዬ፣ ደርሰናል እኮ!» አላት።

አገሬ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ተደላደለች።

«አንተ ውረድ» አለችው። «እኔ ደጀን ነኝ።»