የሚጎድሉት ፊደላት

ዲዛይነሯ አንድ ልማድ አላት፤ የሠራችውን ማሸጊያ ቤቷ ወስዳ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ሳታሳድር አታስረክብም። «በባዶ ሆድ ዓይቼው ካላስጠላኝ፣ ሱቅ ውስጥም ማንንም አያስጠላም» ትላለች። የወለል ማጽጃውን ጠርሙስም እንደዚሁ ፈሳሹን ሞልታ አሳደረችው፤ ጠዋት ስትጣደፍ ግን እዚያው ረስታው ወጣች።

ትዝ ያላት ባለፋብሪካው ፊት ተቀምጣ ሥራዋን በስክሪን ስታሳይ ነው። ጠርሙሱ ነጭ ተለጣፊ ለብሷል። የምርቱ ስም አልታተመም፤ አምስቱ ፊደላት ከተለጣፊው ላይ ተቆርጠው ወጥተው፣ በክፍተታቸው ቀዩ ፈሳሽ ይታያል። ከላይ ወደ ታች ስለተደረደሩ፣ ፈሳሹ በቀነሰ ቁጥር ተራ በተራ ባዶ ይሆናሉ።

«እሰይ!» አለ ባለፋብሪካው። «የእንጆሪ ጭማቂ እኮ ነው የሚመስለው! አንሥተህ ጠጣኝ ጠጣኝ ይላል!»

ሁሉም ሳቁ። እሷ ክው አለች። ቤት ውስጥ ታላቅ እህቷና የእህቷ የአራት ዓመት ልጅ ጩጬ አሉ። ክዳኑንም ናሙና ነው ብላ በደንብ አላጠበቀችውም።

ደወለች። አይነሣም። ደገመች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ቤት መሄድ አለብኝ።»

«የት? ማተሚያ ቤቱ የአንቺን ፊርማ ነው የሚጠብቀው!»

«ይጠብቃ!»

ታክሲው መብራት ላይ ተገተረ። «ወንድሜ፣ በእናትህ ንዳው!»

«እህት ዓለም፣ ክንፍ የለው፣ ምን ላድርገው?»

ቤት ስትደርስ እህቷ ጓሮ አንሶላ እያሰጣች ታንጎራጉራለች። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ክዳኑ የለም። ገና ከበሩ አነበበችው፦ ከአምስቱ ፊደላት ሦስቱ ባዶ ናቸው። ሥራዋ ልክ እንዳሰበችው ሠርቷል፤ ምን ያህል እንደጎደለ ከሩቅ ይናገራል። የት እንደገባ ግን አይናገርም።

ጩጬ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጣለች፤ እጆቿ እስከ ክርኗ ቀልተዋል።

«ጠጣሽ? ንገሪኝ፣ ጠጣሽ ወይ?»

ልጅቷ ደነገጠች። አክስቷ አገጯን ይዛ አፏን አሸተተች። ወተት ወተት ይላል። ምላሷን አስወጥታ አየች። ንጹሕ ነው።

«እኔ አይደለሁም» አለች ጩጬ። «እሷ ናት የጠጣችው።»

የጨርቅ አሻንጉሊቷ ጭኗ ላይ ተንጋላለች፤ ስትነካት ቀይ ፈሳሽ ጠብ ጠብ አለ። ከአጠገቧ አንዲት ትንሽ ኩባያ ሞልታ ተቀምጣለች።

«ይቺስ?»

«የኔ ናት። ተራዬ አልደረሰም።»

ኩባያዋን ላፍ አድርጋ ስታነሣት ግማሹ የራሷ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ።

«እትዬ!» ብላ ጮኸች። «እትዬ፣ ነይ ቶሎ!»

እህቷ ኩባያውንና የልጇን እጅ ስታይ ነገሩ ገባት። አልተሳደበችም። ልጇን ብድግ አድርጋ ቧንቧው ሥር ወሰደቻት፣ ውኃውን ከፈተችና «ሐኪም ይያት፤ ያንን ጉድሽንም ያዢው፣ ያዩታል» አለች።

ስልኩ የጮኸው በሩ ላይ ነው።

«ማሽኑን ያስጀምሩት?» አለ ባለፋብሪካው።

«አይጀመርም ጋሼ። ፊደሉን እደፍነዋለሁ።»

«አብደሻል? ውበቱ እኮ እሱ ነው!»

«አውቃለሁ» አለች፤ ስልኩን ዘግታ ጠርሙሱን በሁለት እጇ እንደያዘች እህቷን ተከትላ ሮጠች።